ሽቅቡን ሞተር፣ ቁልቁለቱን ጎማ፦ በደጋ መንገድ ለኃይለኛ የዕለት መኪና ጎማ ስለ መምረጥ

(በመካነ ሰላም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር፤ ከተቀዳው ድምፅ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ንግግሬን ስለ አንድ ከባድ ጭነት በማንሣት እጀምራለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስመጡ፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋ ነበር። ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። ስለዚህ ጉዞ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን እንዴት እንደ ጎተቱት ነው። የእኛን አገር ገደል የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወርድስ እንዴት አድርገው ያዙት? 7 ቶን ብረት ሽቅብ ለመውጣት ጉልበት ይፈልጋል። ቁልቁል ለመሄድ ግን የማንንም እርዳታ አይሻም፤ የሚያስፈልገው የሚይዘው ብቻ ነው።

ዛሬ በዚሁ ምድር የምንነዳቸው መኪኖች ከዚያ ጋሪ እጅግ የተለዩ ናቸው። ጥያቄው ግን ያው ነው። መኪና ልንገዛ ስንነሣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፦ ስንት ሲሊንደር ነው? ቱርቦ አለው? ዳገት ይወጣል? ስለ ጎማው የምንጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አንጠይቅም። በዚህ ንግግር ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በደጋው መንገድ ላይ ኃይለኛ መኪና ለባለቤቱ የሚታዘዘው ጎማው በፈቀደለት ልክ ነው። ጎማውን ደግሞ ከነጋዴው ቃል ይልቅ በራሱ ጎን ላይ ከተጻፈው ጽሑፍ አንብበን መምረጥ እንችላለን።

አስቀድሜ መንገዳችንን ላስታውስ። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚመጣ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ውርጫም አምባ ያቋርጣል። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚህ ወደ ጉንደወይን የሚሻገር መኪና ዓባይ ዳር እስኪደርስ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደገና ይወጣል። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገነጠሉት መንገዶች ጠጠርና አፈር ናቸው። እንግዲህ አንድ ጎማ በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭ፣ ቆላ፣ እርጥብ አስፋልትና ስለታም ድንጋይ ሊገጥመው ይችላል።

በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ መካነ ሰላም ሲደርስ ሩብ ያህሉን አጥቷል። ባለ ቱርቦ ሞተር ጉድለቱን አብዛኛውን ጊዜ ያካክሳል። ብዙዎቻችሁ ቪ-ኤይት እያላችሁ የምትጠሩት ላንድክሩዘር ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ባለ 4.5 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ፣ እንደ ተመረተበት ገበያ፣ ከ230 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጣል። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ሊደክም ይችላል፤ ቁልቁለት ግን አይደክምም። 3 ቶን የሚመዝን መኪና 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ካለው ጉልበት ጋር ይቀራረባል። ይህን ሁሉ ጉልበት አንድ ነገር መዋጥ አለበት፦ ከፊሉን የሞተሩ ማርሽ፣ ከፊሉን ነፋሱ፣ የቀረውን ፍሬኑ። ማርሹም ሆነ ፍሬኑ ግን መሬትን አይነኩም። መሬትን የሚነካው ጎማ ብቻ ነው።

የሚነካውስ በምን ያህል ስፋት ነው? 3,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በ35 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ ተሞልቶ ሲቆም፣ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚይዝበት ስፋት ከ300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህም ለሁለት የታጠፈ አንድ የኤ-4 ወረቀት ያህላል። ቤተሰባችን፣ ጭነታችንና ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት የተንጠለጠለው በአራት ግማሽ ወረቀት ላይ ነው።

አሁን በጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ አብረን እናንብብ። ለምሳሌ 285/60 አር 18 116 ቪ የሚል እናገኛለን። 285 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 60 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግረናል። አር ራዲያል መሆኑን ያመለክታል፤ 18 ደግሞ ቸርኬው በኢንች ነው። አብዛኛው ገዢ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ቸርኬው ላይ ገጠመ ማለት ጎማው ተስማማ ማለት ይመስለዋል። ዋናው ነገር ያለው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

116 የሸክም መለኪያ ነው። ሠንጠረዡን ስንመለከት 116 ማለት አንዱ ጎማ 1,250 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። 112 ሲሆን 1,120 ኪሎ ግራም፣ 91 ሲሆን 615 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ቁጥር የሰው ሕይወት ያለበት ቁጥር መሆኑን በሚኒባስ ምሳሌ ላሳይ። ለሕዝብ ማመላለሻ የሚያገለግል ሚኒባስ 195 አር 15 ሲ 106/104 የሚል ጎማ ሊኖረው ይችላል። ሲ የሚለው ፊደል ለጭነት የተሠራ መሆኑን ሲያመለክት፣ 106 ደግሞ 950 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ባለንብረቱ ዋጋው ስለ ቀለለ 195/65 አር 15 91 የሚል የቤት መኪና ጎማ ቢያስገጥም ቸርኬው ይቀበለዋል። አራቱ ጎማዎች በድምሩ የሚሸከሙት ግን 2,460 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሰው የሞላ ሚኒባስ ከዚህ በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለው ጎማ ደሴ ገበያ ላይ አይፈነዳም፤ የሚፈነዳው በቆላው ቁልቁለት፣ ሲግል ነው።

የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ደረጃ ነው፦ ኤስ 180፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። «እኛ አገር ማን በ240 ይነዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእርግጥ ማንም መንዳት የለበትም። ነገር ግን ይህ ፊደል በተዘዋዋሪ ጎማው ሙቀትን እስከ ምን ድረስ እንደሚችል ይነግረናል። ስለሆነም ለኃይለኛና ለከባድ መኪና ፋብሪካው ካዘዘው የሸክም ቁጥርም ሆነ የፍጥነት ፊደል በታች አንውረድ።

ቀጥዬ የማነሣው ነጥብ የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚያሳስት ነው። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. በሚሉ የላቲን ፊደላት ከሚጀምረው ተከታታይ ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 3016 የሚል ብናገኝ ጎማው የተሠራው በ2016 በ30ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ 2016 የፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ይሆናል።

ይህን ስሕተት የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ለራሴ መኪና ሁለት ጎማዎች ገዛሁ። ሻጩ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በጣቱ እያሳየ «ዐሥራ ስድስት፤ የዘንድሮ ነው» አለኝ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፣ ቁጥሩም ከያዝነው ዓመት ጋር ገጠመ። አመንኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ዓባይ ስንወርድ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴ ከኋላ ተቀምጠዋል። ቆሜ ስመለከት የፊቱ ጎማ ጥርስ ከውስጠኛው ሽቦ ተላቅቆ እንደ እንቁላል አብጧል። ተቀያሪውን ገጥመን በዝግታ ተመለስን። በማግስቱ ጎማውን ለጎሚስታ ስሰጠው፣ ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ ወጣት ቁጥሩን አየና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የፈረንጅ ዐሥራ ስድስት ነው፤ ስምንት ዓመት ሆኖታል» አለኝ። ምሕንድስና የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ያነበበልኝ ግን እርሱ ነው።

ላስቲክ ሳይነዱበትም ያረጃል። ኦክስጅን፣ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ያደርቁታል፤ ጥርሱን ከሽቦው ጋር ያጣበቀውም ትስስር ይላላል። በርካታ አምራቾች አንድ ጎማ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንዲወገድ ይመክራሉ። በመሆኑም የዓመቱን ቁጥር ስናነብ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስን ልማድ እናድርግ። ዛሬ በ2018 ዓ.ም. መጨረሻው 18 የሆነ ጎማ «አዲስ» ተብሎ ቢቀርብልን፣ በእኛ አቆጣጠር የ2010 ወይም የ2011 ዓ.ም. ምርት መሆኑን አንርሳ።

ከዕድሜ ወደ ጥርስ እንለፍ። የጎማ ጥርስ ዋና ሥራው ውኃን ማስወጣት ነው። በክረምት ወይም በበልግ ዝናብ ጎማው ውኃውን ወደ ጎን ካልገፋው በላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም ትርጉም ያጣሉ። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያላቸው ትናንሽ ድልድዮች አሉ፤ ጥርሱ ከእነርሱ ጋር ከተስተካከለ ጎማው ሊሾ ሆኗል። ለደጋ ዝናብ ግን እስከዚያ አንጠብቅ፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ለመቀየር እንዘጋጅ።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳይ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በደረቅ፣ ሜዳማ አስፋልትና በጥሩ ጎማ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ18 ሜትር ገደማ ይቆማል። ያው መኪና ባለቀ ጎማ፣ በእርጥብ መንገድና 8 በመቶ ቁልቁለት ላይ፣ የጎማው የመያዝ አቅም በግማሽ ቢቀንስ፣ ለመቆም 44 ሜትር ያስፈልገዋል። ይህ አሽከርካሪው ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ የሚሄደውን ርቀት አይጨምርም። የሞተሩ ጉልበት በዚህ ስሌት ውስጥ አንድም ቦታ አልገባም።

ታዲያ ምን ዓይነት ጥርስ እንምረጥ? በገበያው ላይ ሦስት ዓይነቶች በብዛት ይገኛሉ። ኤች/ቲ ለአስፋልት፣ ኤ/ቲ ለአስፋልትና ለጠጠር፣ ኤም/ቲ ለጭቃ የተሠሩ ናቸው። የጭቃው ጎማ ጡንቻማ መልክ ስላለው ብዙ ወጣቶች ይወዱታል። ነገር ግን ትላልቅ ጥርሶቹ በእርጥብ አስፋልት ላይ ትንሽ ስፋት ብቻ ያስይዙታል፤ ድምፁና የነዳጅ ፍጆታውም ከፍ ይላል። ከመካነ ሰላም ደሴ የሚመላለስና አልፎ አልፎ ወደ ገጠር የሚገነጠል ሰው ልከኛ ጥርስ ያለው ኤ/ቲ ቢመርጥ ይበቃዋል። ከአስፋልት የማይወጣ ደግሞ ጥሩ ኤች/ቲ ይሻለዋል። በአንዳንድ ጎማዎች ላይ ለእርጥብ አስፋልት የመያዝ አቅም ከኤኤ እስከ ሲ የሚደርስ ደረጃ ታትሟል፤ ለእኛ ኤ ወይም ኤኤ ይሁን።

በሌላ በኩል፣ የኃይለኛ መኪና ባለቤቶችን የሚፈትን አንድ ፋሽን አለ፦ ቸርኬውን ማሳደግና የጎማውን ጎን ማሳጠር። እንዲህ ያለው ጎማ በለሰለሰ የከተማ መንገድ ላይ መሪን ፈጣን ያደርጋል። በእኛ መንገድ ግን አጭሩ ጎን ጉድጓድን የሚያለዝብበት ትራስ የለውም፤ ቸርኬው ይጎብጣል፣ የጎማው ጎን በድንጋይና በብረት መካከል ተቆንጥጦ ይቆረጣል። ለስፖርት መኪና የተሠራ ለስላሳ የበጋ ጎማ ደግሞ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደርቃል። የጉጉፍቱ ማለዳ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም።

ስለ ንፋስ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ወደ ዓባይ ስንወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ የጎማው ንፋስ በ2 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ የቀነሰ ይመስላል። የቆላው ሙቀት ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምረዋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ ቆላ ስንደርስ ጎማው ግሎ ንፋሱ በጣም ከፍ ብሎ ብናገኘው ምክንያቱ አየሩ ሳይሆን ሸክሙ፣ ፍጥነቱና ፍሬኑ ነው። መፍትሔው ንፋስ ማስተንፈስ አይደለም፤ ማረፍና ከዚያ በኋላ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው። በትኩስነቱ የተነፈሰ ጎማ ሲበርድ ከልኩ በታች ይሆናል። ንፋስ የጎደለው ጎማ ደግሞ ጎኑ ይበልጥ ስለሚታጠፍ ይበልጥ ይግላል። ልኬቱ ማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ ይሁን። ትክክለኛው መጠንም ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፏል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአገራችን እየበዙ ነው። እነዚህ በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ናቸው፤ ጉልበታቸውም ፔዳሉ ገና ሲነካ ይመጣል። ስለሆነም በአንድ ልክ ካሉት ጎማዎች መካከል ከፍ ያለ የሸክም ቁጥር ያለውን ይፈልጋሉ። ቁልቁለት ላይ ጉልበቱን ወደ ባትሪ እየመለሱ መኪናውን ይይዛሉ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመልሱበት ቦታ ስለማይኖር ይህ እርዳታ ይቀንሳል። ደጋ ላይ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ይህን ያስብበት።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንደ ተወደደ ሁላችንም እናውቃለን። «ውዱን ግዙ» ብዬ መምከር አልችልም፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ እላለሁ። መጀመሪያ የሸክሙን ቁጥርና የፍጥነቱን ፊደል እናንብብ። ቀጥሎ የተሠራበትን ዘመን እንቁጠር። ሦስተኛ በእርጥብ መንገድ ያለውን ደረጃ፣ አራተኛ ለመንገዳችን የሚስማማውን ጥርስ እንይ። ስምና መልክ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጡ። በዚህ ቅደም ተከተል የተገዛ መካከለኛ ጎማ፣ በስሙ ብቻ ከተገዛ ውድ ጎማ ይልቅ ቤተሰብን በሰላም ያደርሳል።



ከጥያቄና መልሱ

አንድ አባት፦ «ልጄ፣ አራቱንም የመቀየር አቅም የለኝም። ሁለት አዲስ ብገዛ ከፊት ላድርግ ከኋላ?»

መልስ፦ አባቴ፣ ከኋላ ያድርጉት። የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት መሪው ላይ ይሰማዎታል፤ ፍጥነት ቀንሰው ሊመልሱት ይችላሉ። የኋላው ከለቀቀ ግን መኪናው ይዞርብዎታል። አራቱም ጎማዎቹ ሁልጊዜ የሚነዱ መኪና ከሆነ ግን የአሮጌውና የአዲሱ ቁመት ልዩነት መካከለኛውን ዲፈረንሻል ስለሚጎዳ አራቱን አንድ ላይ መቀየር ይመረጣል። ለዚህም በየ8 ወይም 10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የፊቱንና የኋላውን ቢያለዋውጡ እኩል ያልቁልዎታል።

አንድ ወጣት አሽከርካሪ፦ «ከውጭ የመጣ ያገለገለ፣ ስም ያለው ጎማ ይሻላል ወይስ ስሙ ያልታወቀ አዲስ?»

መልስ፦ ያገለገለ ጎማ ታሪኩን አይነግርህም። በጎደለ ንፋስ ተነድቶ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ግን አይታይም። የሸክም ቁጥሩ የበቃና ዘመኑ የቀረበ አዲስ ጎማ ብትገዛ እመርጣለሁ። በስለት እንደገና ጥርስ የወጣለት ከሆነ ደግሞ አትንካው። ይህ የሚፈቀደው ለዚያ ተብሎ ወፍራም ላስቲክ ለተሠራላቸውና ይኸው በጎናቸው ለተጻፈባቸው የከባድ መኪና ጎማዎች ብቻ ነው፤ በትንሽ መኪና ጎማ ላይ ስለቱ ወደ ሽቦው ይደርሳል። ያም ሆነ ይህ ከመክፈልህ በፊት ጎንበስ ብለህ አራቱን አኃዞች አንብብ፤ ከዚያም ስምንት ቀንስ።